ተክለ ሐዋርያት ምን ተማሩ?

ሄንሪ አዳምስ የሚባል አሜሪካዊ ነበር። ቅድመ አያቱ የአሜሪካ ሁለተኛ ፕሬዚዳንት ናቸው፤ አያቱ ደግሞ ስድስተኛው። ሃርቫርድ ተምሮ ተመረቀ፤ ኋላም እዚያው ሃርቫርድ ሰባት ዓመት ያህል የመካከለኛውን ዘመን ታሪክ አስተማረ፤ የአገሩን ታሪክም በዘጠኝ ቅጽ ጻፈ። ይህ ሰው ስድሳን ካለፈ በኋላ ስለ ሕይወቱ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ደረሰ። የመጽሐፉ ፍሬ ነገር ባጭሩ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ትምህርት ፍለጋ ዞሬ ሳልማር ቀረሁ የሚል ነው።

እሱ ካልተማረ ማን ሊማር ነው? የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ነገሩ ትንሽ ኩራትም አያጣውም፤ ያልተማረ ሰው አለመማሩን እንደዚያ አሳምሮ አይጽፍም። ነገር ግን አዳምስ ትምህርት የሚለው የሃርቫርዱን ዲግሪ አይደለም። አንድ ሰው የሚኖርበት ዘመን በምን እንደሚንቀሳቀስ ማወቁን፣ አውቆም ሳይደናገር መኖር መቻሉን ነው። በዚህ ሚዛን ራሱን ሲመዝን ጎደለበት።

ለምን እንደጎደለበት ለማየት የተወለደበትን ጊዜ ማየት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1838 ቦስተን ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ ለልጅ ያዘጋጀው ትምህርት ላቲንና ግሪክ፣ ሕግና የንግግር ጥበብ ነበር፤ ለቅድመ አያቱ ዘመን ልክ የሆነ ትምህርት። ልጁ ገና ሰባት ዓመት ሳይሞላው ግን ቦስተንን ከምዕራቡ ምድር ጋር የሚያገናኝ ባቡር ሥራ ጀመረ፤ የእንፋሎት መርከቦች አትላንቲክን እየተመላለሱ ማቋረጥ ያዙ፤ ቴሌግራፍ ከከተማ ወደ ከተማ ወሬ ማድረስ ጀመረ። አዳምስ ወደ ኋላ ተመልሶ ሲያስብ፣ እነዚህ ሦስት ነገሮች ከአያቶቹ ዓለም ቆርጠው እንደጣሉት ይናገራል። የተሰጠው ትምህርት ለአንድ ዓለም፣ የገባበት ዓለም ሌላ።

በመጽሐፉ ውስጥ አንድ ታሪክ አለ። አዳምስ ስድስት ወይም ሰባት ዓመቱ ነው፤ ወቅቱ በጋ ነው፤ ኩዊንሲ በምትባለው የአያቱ መንደር «ትምህርት ቤት አልሄድም» ብሎ ደረጃው ሥር ከእናቱ ጋር ይሟገታል። ሊረታም ምንም አልቀረው። በዚህ መሐል የላይኛው ቤት መጻሕፍት ክፍል በር ተከፈተና ሰማንያ ዓመት ሊሞላቸው የተቃረቡት የቀድሞው ፕሬዚዳንት ቀስ ብለው ወረዱ። ባርኔጣቸውን አጠለቁ፤ የልጁን እጅ ያዙ፤ በዚያ ሙቀት አንድ ማይል የሚጠጋ መንገድ ወስደው ትምህርት ቤቱ ወንበር ላይ እስኪቀመጥ ድረስ እጁን አልለቀቁም። በመንገድ ላይ አንዲት ቃል አልተናገሩም፤ አልገሠጹም፤ አልመከሩም። ልጁም ቂም አልያዘም። እኔ እንደማነበው፣ ውድቀቱን ብቻ በሚቆጥር መጽሐፍ ውስጥ አዳምስ ተሳካ ብሎ የሚመሰክርለት አንድ ትምህርት ቢኖር ይህ ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለው መንከራተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1858 ከሃርቫርድ ወጥቶ ሕግ ሊማር በርሊን ሄደ። ጀርመንኛውን ስለማያውቀው መምህሩ የሚለው አልገባው አለ። ዩኒቨርሲቲውን ትቶ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገባና ከታዳጊ ልጆች ጋር ተቀመጠ። ቀጥሎ አባቱ ለንደን ላይ የአሜሪካ መልእክተኛ ሲሆኑ ጸሐፊያቸው ሆኖ ሰባት ዓመት ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1900 ደግሞ፣ ስድሳ ሁለት ዓመቱ ላይ፣ የፓሪስን ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ደጋግሞ ጎበኘ። እዚያ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ዲናሞዎች ፊት ቆሞ የሚያውቀው ታሪክ ሁሉ ይህን ማሽን ሊያስረዳው እንደማይችል ተገነዘበ፤ ፊዚክስም ሀ ብሎ ጀመረ። መጽሐፉን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1907 በመቶ ቅጂ ብቻ፣ ለወዳጆቹ ነው። ለሕዝብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1918 እሱ ካረፈ በኋላ ሲሆን በቀጣዩ ዓመት የፑሊትዘርን ሽልማት አገኘ።

ይህን ታሪክ ያነሣሁት የኛን አገር ሰው ለማስተዋወቅ ነው።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። ሰፈራችን ኮንዶሚኒየም ነው፤ አለፍ ብሎ ቂሊንጦ ላይ በ2003 ዓ.ም. የተመሠረተው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለ። ስለዚህ ግቢያችንን የሚከራየው ወይ የሚማር ነው፣ ወይ ተምሮ ሥራ የሚፈልግ ነው። ከብሎኮቹ ሥር ባሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች ከጠዋት እስከ ማታ ሲቪ ይተየባል፣ ዲግሪ ኮፒ ይደረጋል፣ የክፍት ሥራ ቦታ ማስታወቂያ ይነበባል። «ተምሬ ምን አመጣሁ?» የሚለው ምሬት እዚያ ሰልፍ ላይ በየቀኑ ይሰማል። ጥያቄው የእንጀራ ጥያቄ ነው፤ ተገቢም ነው። ሆኖም ሥራ ያገኘውም ሰው ሳይቀር ሊጠይቀው የሚገባ ሌላ ጥያቄ ከሥሩ አለ፦ የተማርኩት ትምህርት የምኖርበትን አገርና ዘመን ያሳየኛል ወይ? ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ ሕይወታቸውን ሙሉ ይዘው ከኖሩት ኢትዮጵያውያን አንዱ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። አጋጣሚ ሆኖ የአዲስ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ክፍያ ጣቢያ ከኛ ሰፈር ይጀምራል፤ አዳማን አልፎ በአዋሽ በኩል ወደ ምሥራቅ የሚቀጥለው መንገድም ሄዶ ሄዶ እሳቸው ያስተዳደሩትንና ያረሱትን የጨርጨርን አገር ያገኛል።

ወደ እሳቸው ከመግባታችን በፊት፣ በተወለዱበት ዘመን መማር ማለት ምን እንደነበር እናስታውስ። ትምህርት ፍለጋ መንከራተት ለአማራው አገር አዲስ ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ለምኖ እየበላ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ፣ ሃያና ሠላሳ ዓመት ይማር ነበር። ድጓ ለማስመስከር ጋይንት ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አባ፣ ለአቋቋም ጎንደር፣ ለቅኔ ዋሸራ ወይም ዋድላ ይኬዳል። ከዚያ መጻሕፍት ቤት ተገብቶ ብሉይና ሐዲስ ትርጓሜው ይቀጸላል። ከዚህ ዓይነቱ ትውልድ አለቃ ለማ ኃይሉ በጣም ዕድለኛ ናቸው፤ ለንደን ድረስ ሄዶ የተማረው ልጃቸው ደራሲው መንግሥቱ ለማ ትዝታቸውን ከአንደበታቸው ተቀብሎ በ1959 ዓ.ም. መጽሐፍ አድርጎ አሳተመላቸው። የድሮው ተማሪ እንዴት እንደኖረ ማወቅ ለሚፈልግ ከዚያ የሚጣፍጥ መጽሐፍ አላየሁም።

እዚህ ላይ ልብ የሚባል ነገር አለ። በዚያ ሥርዓት የሚዞረው ተማሪው ነው፤ ዕውቀቱ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። ዙር አባ የዛሬ መቶ ዓመት የነበረው ዝማሬ ዛሬም አለ። ተማሪው ከደከመ ያርፋል፤ ከዐሥር ዓመት በኋላ ቢመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። አዳምስን ያስጨነቀው ይህ ዋስትና ከእጁ መውጣቱ ነበር፤ እሱ ሲሮጥ ዕውቀቱም አብሮ ይሮጣል። ተክለ ሐዋርያት ላይ ግን ከዚህም የባሰ ነገር ደረሰ። አዳምስ የሚያውቀው ዓለም በስድሳ ዓመት ውስጥ ቀስ በቀስ ነበር የተለወጠበት፤ እሳቸው ከአንዱ ዓለም ወደ ሌላው በመርከብ በሳምንታት ውስጥ ተሻገሩ፤ ኋላም በዚያው መንገድ ተመለሱ።

ተክለ ሐዋርያት በ1876 ዓ.ም. ሰሜን ሸዋ ሰያደብር ተወለዱ። ልጅነታቸው እንደ ጓደኞቻቸው ሁሉ በፊደልና በዳዊት ተጀመረ። ከዚያ ሐረር ሄደው ከገዢው ከራስ መኰንን ቤት ገቡ። የዐድዋው ዘመቻ ሲነሣ ገና ዐሥራ ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ከራስ መኰንን ጦር ጋር ወደ ሰሜን ወጣ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ የሆነውንም በልጅ ዓይኑ አየ። ከድሉ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ሌዎንቲየፍ ከሚባለው ሩሲያዊ ጋር ወደ ሩሲያ ተላከ።

ያን ጊዜ ከሐረር ወደ ባሕር የሚኬደው በበቅሎና በግመል ነው። ድሬዳዋ የምትባል ከተማ ገና አልተቆረቆረችም፤ ሐዲድ የሚባል ነገር የለም። ልጁ ፒተርስቡርግ ደርሶ ሞልቻኖፍ የተባለ ኮሎኔል ቤተሰብ ውስጥ እንደ ልጅ አደገ፤ ሚካኢሎቭስኪ በሚባለው የመድፈኞች ጦር ትምህርት ቤት ገብቶም መኮንንነት ተማረ። ከዐሥር ዓመት በላይ እዚያ ቆየ። አንድ ሰው ከዐሥራ ሁለት ዓመቱ ጀምሮ በሰው አገር ዐሥር ዓመት ከኖረ እንግድነቱ ያበቃል፤ የሚያስብበት ቋንቋ ሳይቀር ይለወጣል። መጽሐፋቸውን ሳነብ ዘወትር የሚታየኝ ይህ ነው፦ አገሩን አዝሎ ወደ ውጭ የሄደው ሕፃኑ ነው፤ አገሩን ሊያገለግል የተመለሰው ግን ሩሲያ ያሳደገችው መኮንን ነው።

በእነዚያ ዓመታት ፒተርስቡርግ ሌላም ነገር አስተምራለች። እ.ኤ.አ. በ1904 እና በ1905 ጃፓን ከሩሲያ ጋር ተዋግታ አሸነፈች። በዚያው በ1905 ጥር ወር ለንጉሡ አቤቱታ ይዘው ወደ ቤተ መንግሥቱ ሰልፍ የወጡ ሠራተኞች ፒተርስቡርግ ጎዳና ላይ በጥይት ተመቱ፤ አመፅም ተነሣ። አንዲት የእስያ አገር በአንድ ትውልድ ዘመን ተምራ ታላቋን ሩሲያ መርታቷን፣ ታላቋም ሩሲያ ሕዝቧን ማዳመጥ አቅቷት መናጋቷን፣ አንድ የዐድዋ ልጅ የሩሲያን የጦር ልብስ ለብሶ እዚያው ሆኖ አሳለፈው። በየትኛውም ክፍል በሰሌዳ ላይ የማይጻፍ ትምህርት ነው። ውጤቱን ወደ ኋላ እናየዋለን።

ሲመለሱስ? ወደ ሩሲያ ከሸኟቸው ሰዎች ዋናው ራስ መኰንን በ1898 ዓ.ም. ዐርፈዋል። አጼ ምኒልክ ታመዋል፤ ቤተ መንግሥቱ በአልጋ ወራሽነት ነገር ተወጥሯል። የመድፍ መኮንን ለመሆን የሠለጠነው ወጣት እንደ ፒተርስቡርግ ያለ ጦር ሠራዊት፣ ካርታ፣ በጀት፣ መዝገብ ያለው መንግሥት ይዞ ሊሠራ ነበር የመጣው። የጠበቀው ግን ሥራ ሁሉ በሰውና በቤት የሚሠራበት አገር ነው፤ ማን የማን ወገን ነው? ማን ማንን ያስገባል? ሆኖም አንድ ነገር ተለውጧል፤ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ገብቷል። በዐሥር ዓመት ውስጥ ቦታዎቹ በከፊል ሲለወጡ አሠራሩ ግን እንደነበረ ነበር።

ተክለ ሐዋርያት እዚህ ላይ ያደረጉት ነገር ይገርመኛል። ተመልሰው ተማሪ ሆኑ። ወደ ፈረንሳይ ሄደው ግብርና አጠኑ። አገሪቱ የምትኖረው በመሬት ነው፤ እሳቸው የተማሩት መድፍ ነው፤ ስለዚህ እንደገና መጀመር አለብኝ ብለው ነበር ማለት ነው። አዳምስ በርሊን ላይ ከልጆች ጋር እንደተቀመጠው ያለ ነገር ነው፤ ልዩነቱ አዳምስ ቋንቋው ስላስገደደው ተቀመጠ፣ እሳቸው ግን አስበውበት አደረጉት። ከዚያ በኋላ በጨርጨር ሂርና ላይ እርሻ ይዘው ሠሩ።

በዚህ መንገድ የሚቃና የሚመስል ሕይወት ግን በፖለቲካ ተጠለፈ። በ1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ሲወርዱ ከአውራጆቹ ወገን ነበሩ፤ ከዚያ በኋላም፣ ኋላ ንጉሠ ነገሥት ከሆኑት ከራስ ተፈሪ ዋነኛ አገልጋዮች ጋር ስማቸው ይቆጠራል።

በዚሁ ዘመን ስለጻፉት ቲያትር ትንሽ ልዘግይ፤ ትምህርታቸው ከአገሩ ጋር እንዴት እንደተጋጨ በግልጥ የሚታየው እዚያ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሆቴል ዘፈንና ጭፈራ «ቲያትር» ተብሎ ለመኳንንቱ ቀረበ። ተክለ ሐዋርያት ይህን አይተው ቲያትር ይህ እንዳልሆነ ተናገሩ። እንግዲያስ አንተ ሠርተህ አሳየን ተባሉ። በ1913 ዓ.ም. ገደማ «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ጻፉ፤ የአማርኛ የመጀመሪያው የመድረክ ድርሰት የሚባለው እሱ ነው። በውስጡ የሚናገሩት እንስሳት ናቸው። የሚነካው ግን የጊዜው አስተዳደር ነው፤ መማለጃው፣ ሹመቱ፣ አድር ባይነቱ ሁሉ በእንስሳቱ አፍ ተነገረ። መኳንንቱ ለመዝናናት መጥተው ራሳቸውን መድረክ ላይ አገኙት። ድርሰቱ ታገደ፤ ንግሥት ዘውዲቱ እስኪያርፉም ድረስ ቲያትር ከመድረክ ጠፋ።

እንስሳትን እያናገሩ ሹምን መንካት ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም፤ ተረታችን ሁሉ በዝንጀሮና በጅብ የተሞላ ነው፤ ቅኔያችንም በሰምና ወርቅ ይናገራል። እንግዳው መድረኩ ነበር። ተረት በምድጃ ዙሪያ ሲነገር ማን እንደተነካ የተነካው ብቻ ያውቃል፤ መድረክ ላይ ግን ጎረቤቱም አብሮ ያየዋል። ተክለ ሐዋርያት ከአውሮፓ ያመጡት ይህን የአደባባይ ነገር ነው። አገሩ ያልተቀበለውም ይህንኑ ነው።

ቀጥሎ በጨርጨር ገዢነት አሰበ ተፈሪን ከተማ አድርገው መሠረቱ፤ አውራጃውን ለሌላው ምሳሌ እንዲሆን በደንብና በመዝገብ ለማስተዳደር ሞከሩ። ቀጥሎ በጅሮንድ ተብለው የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ። በዚህ ጊዜ ነው የኢትዮጵያን የመጀመሪያ የተጻፈ ሕገ መንግሥት እንዲያረቅቁ የታዘዙት። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የተፈረመው ይህ ሕገ መንግሥት 55 አንቀጾች ነበሩት፤ አብነት የሆነውም እ.ኤ.አ. በ1889 የወጣው የጃፓን ሕገ መንግሥት ነው። ለምን የእንግሊዝ፣ ለምን የፈረንሳይ አልሆነም ቢባል፣ የዘመኑ የተማሩ ሰዎች ብዙዎቹ ጃፓንን አብነት ማድረጋቸው አንዱ መልስ ነው። እኔ ግን ረቂቁን የጻፈው እጅ ሩሲያ በጃፓን ስትሸነፍ ሩሲያ ውስጥ መድፍ ይማር የነበረ እጅ መሆኑን አልረሳም።

ከዚያ ሕገ መንግሥት ለርእሳችን የሚሆን አንድ አንቀጽ አለ። የሕግ መምሪያ ምክር ቤት እንደራሴዎች የሚመረጡት በመኳንንቱና በአገር ሹማምንት ነው፤ ይህም ሕዝቡ ራሱ መምረጥ የሚችልበት ጊዜ እስኪደርስ ድረስ ነው ይላል። አንቀጹ በሌላ አነጋገር ስለ ትምህርት የተጻፈ ነው፤ አንድ ሕዝብ ገና አልተማረም ብሎ መብቱን ለጊዜው ያቆይበታል። መቼ ተማረ እንደሚባልና ማን ፈትኖ እንደሚያሳልፈው ግን አልተጻፈም። ፈተናው ሳይታወቅ ተማሪው ሃያ አራት ዓመት ጠበቀ፤ ሕዝብ እንደራሴውን በቀጥታ እንዲመርጥ የተፈቀደው በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ነው። ለተክለ ሐዋርያት ያለኝ አክብሮት እንዳለ ሆኖ፣ የተማረው ትውልድ ትልቁ ጉድለት እዚህ ላይ ይታየኛል። ራሱ እንደገና ለመማር ፈረንሳይ ድረስ የሄደ ሰው፣ ሕዝቡ እየመረጠ እየተሳሳተ ሊማር እንደሚችል የሚናገር አንድ መስመር አላስገባበትም። ረቂቁን በመጨረሻ የወሰኑት እሳቸው ብቻ እንዳልነበሩም እውነት ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱም መኳንንቱም እጃቸውን አስገብተዋል።

በ1927 ዓ.ም. ማለቂያና በ1928 መጀመሪያ ጄኔቫ ነበሩ፤ በመንግሥታት ማኅበር ፊት የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው። ጣሊያን ወረራዋን ለማመካኘት ኢትዮጵያ ያልሠለጠነች ናትና የማኅበሩ አባልነት አይገባትም የሚል ረጅም የክስ ጽሑፍ አቀረበች። ያንን ክስ የሰማው ሰው ሩሲያኛና ፈረንሳይኛ እንደ ራሱ ቋንቋ የሚናገር፣ የፒተርስቡርግ የጦር ትምህርት ቤት ምሩቅ፣ ሕገ መንግሥት ያረቀቀ፣ ቲያትር የጻፈ ሰው ነው። ክሱን በመኖራቸው ብቻ ያፈርሱት ነበር፤ ሰሚ ግን አልተገኘም። ጣሊያን በወሩ ድንበር ጥሳ ገባች። ለተማረ ሰው ከዚህ የመረረ ትምህርት ያለ አይመስለኝም፤ ሥልጣኔውን አጥንተህ በቋንቋው ስትከራከረው፣ ጉዳዩ ቀድሞውንም ሥልጣኔ እንዳልነበር ታገኘዋለህ።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ባቡር ተሳፍረው ወደ ጅቡቲ ወጡ። ተክለ ሐዋርያት ንጉሡ ከአገር መውጣታቸውን ከተቃወሙት ወገን ነበሩ። ከዚያ ስደት ሆነ፤ ረጅሙን ዘመን ማዳጋስካር ኖሩ። ጠላት ከወጣ በኋላም ቶሎ አልተመለሱም። ሲመለሱ ሹመት ሳይሆን ሂርና ላይ እርሻቸውን ያዙ። ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በዚህ መሐል «አርአያ» የተባለውን ልብ ወለድ ጽፎ ታዋቂ ሆኗል፤ የልብ ወለዱም ጉዳይ ውጭ አገር ተምሮ ስለተመለሰ ወጣት ነው። የአባት ጥያቄ ለልጅ ተላልፏል።

ፊታውራሪ ያረፉት በ1969 ዓ.ም. ዘጠና ዓመታቸውን አልፈው ነው። አስቡት፤ በዐሥራ አንድ ዓመታቸው ዐድዋን ያዩ፣ በሃያ አንድ ዓመታቸው የሩሲያን የ1905 (እ.ኤ.አ.) አመፅ ያለፉ ሰው፣ ዘጠና ሲሞላቸው የ1966ቱን አብዮት አዩ። ለንጉሠ ነገሥቱ የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ሰው ንጉሠ ነገሥቱ ሲወርዱም ሲያርፉም በሕይወት ነበሩ።

«የሕይወቴ ታሪክ» የተባለው መጽሐፋቸው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት የታተመው እሳቸው ካረፉ ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ሲል ነው። ከአዳምስ መጽሐፍ ጋር አጠገብ ለአጠገብ ሲነበብ አንድ ልዩነት ወዲያው ጎልቶ ይወጣል። አዳምስ ስለ ራሱ ሲጽፍ «እኔ» አይልም፤ እንደ ሌላ ሰው «እሱ» እያለ ይተርካል፤ በራሱም ያላግጣል። ሚስቱ ራሷን ያጠፋችበትን ዓመትና በዙሪያው ያሉትን ሃያ ዓመታት ደግሞ ጭራሽ ዘሏቸዋል። ተክለ ሐዋርያት «እኔ» ይላሉ፤ እኔነቱም በራስ መተማመን የተሞላ ነው። ከዘመናቸው ሰዎች ጋር የነበራቸውን ሒሳብ በመጽሐፉ ያወራርዳሉ፤ ራሳቸውን የሚወቅሱበት ቦታ ጥቂት ነው። አንዳንዱ አንባቢ ይህን እንደ ጉራ ያየዋል። እኔ አልፈርድባቸውም፤ የአዳምስን ስም መንግሥቱም ቤተሰቡም አስቀድመው ጠብቀውለታል፣ ስለዚህ ራሱን ዝቅ ቢያደርግ አይጎዳም። ከስደትና ከመረሳት የተመለሰ ሰው ግን ስለ ራሱ እሱ ካልመሰከረ የሚመሰክርለት ላይኖር ይችላል።

ይህ ግን አንባቢውን ከማመዛዘን ነጻ አያወጣውም። የቱሉ ዲምቱ ወጣት መጽሐፉን ቢያነሣ የሩሲያውን ክፍል በቀስታ ያንብበው፤ ከዚያ በኋላ ስለ ቤተ መንግሥት ጥል የሚነገረውን ሲደርስ ጥርጣሬውን ይያዝ። የታሪክ ምሁሩ ባሕሩ ዘውዴ ስለዚያ ዘመን የተማሩ ሰዎች የጻፉትን መጽሐፍ አጠገቡ ቢያኖር ይጠቅመዋል፤ እዚያ ተክለ ሐዋርያት ብቻቸውን አይደሉም። ጀርመንኛ ተምሮ ስለ አገር ኢኮኖሚ ጽፎ በወጣትነቱ የተቀጨው ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ አለ፤ ከቤተ ክህነት ትምህርት ተነሥተው ውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነት የደረሱት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ አሉ፤ በሕፃንነታቸው ከመቅደላ ተወስደው በሕንድ ያደጉት፣ አማርኛ ጠፍቷቸው ሐኪም ሆነው የተመለሱት ወርቅነህ እሸቴ አሉ። እነዚህን አንድ ላይ ሲያይ፣ ከተክለ ሐዋርያት ታሪክ የትኛው የራሳቸው ጠባይ እንደሆነና የትኛው የትውልዳቸው ዕጣ እንደሆነ ለመለየት ይቀለዋል።